ወረዳ 34 የት ነው? የፍራንክፈርት የምርጫ ወረዳዎች ታሪክና የኛ ትዝብት

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቅጣት ወረቀት አይደለም። ምረጡ ተብለው ነው የተጠሩት።»

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ላይ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሄክስት በሚባለው ሰፈር ነው። አንድ ወዳጃችን ከከተማው አስተዳደር ፖስታ ደረሰው። እዚህ አገር የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ፖስታ ሳይከፈት ነው ልብ የሚያርደው። ወዳጃችንም የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ይሆናል ብሎ ፖስታውን ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አሳደረው። በመጨረሻ እዚህ ተወልዳ ያደገችው የእህቱ ልጅ ከፍታ ያነበበችለት ከላይ የጠቀስነውን ነው። የጀርመን ዜግነት ካገኘ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን የምርጫ ወረዳ ቁጥር ሲሰማ ደግሞ፣ «ሠላሳ አራት? አዲስ አበባ እንኳ ቁጥሩ ከሃያ ስምንት አያልፍም ነበር! ለመሆኑ ወረዳ 34 የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። እኛ ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘነውም። በፍራንክፈርትና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜና እሁድ ቡና ላይ ስንቀመጥ የመርካቶን፣ የቦሌን፣ የጎንደርንና የደሴን የምርጫ ውጤት በቃላችን እንወጣዋለን። የምንተኛበት ቤት ያለበትን የምርጫ ወረዳ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ስለዚህ ዛሬ የዚህን ወረዳ ታሪክ በመጠኑ ልናስቃኛችሁ ወደድን። የጀርመኑን ጉዳይ በነሱ፣ የአገራችንን በኛ አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ቅጣት የተጣለባት ከተማ

ፍራንክፈርት ድሮ የማንም ግዛት አልነበረችም፤ ራሷን የምታስተዳድር ነፃ ከተማ ነበረች። ከመላው የጀርመን ግዛቶች የተመረጡ ተወካዮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጉባኤ የተቀመጡትም እዚህችው ከተማ መሐል በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን (ፓውልስኪርሸ) ነው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1848 ነበር። ጉባኤው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው ተበተነ። ነገሥታቱ ጦር ነበራቸው፤ ተመራጮቹ ግን ወረቀት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ1866 የቢስማርክ ፕራሻ ከኦስትሪያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ፍራንክፈርትን ያዘች። ከተማይቱም የ25 ሚሊዮን ጉልደን ቅጣት ተጣለባት። ከንቲባው ካርል ፌልነር የከተማይቱን ታላላቅ ሰዎች ስምና ሀብት ዝርዝር አምጣ ተባለ። ፌልነር ዝርዝሩን አልሰጠም፤ በዚያው ሐምሌ ወር ራሱን ሰቀለ። የስም ዝርዝር ምን እንደሚያመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ማስረጃ አንፈልግም። ቀበሌው በየዘመኑ የያዘው መዝገብ አንዴ ስኳር ማደያ፣ አንዴ ሰው መልቀሚያ ሲሆን ያየን ነንና።

ከዚያ በኋላ ፍራንክፈርት የፕራሻ ከተማ ሆነች። ለፕራሻ ምክር ቤት የሚመረጠው ደግሞ ሦስት መደብ በሚባለው ሥርዓት ነበር። መራጩ በሚከፍለው ግብር መጠን ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ጥቂቶቹ ባለጠጎች ከብዙኃኑ ድሃ ጋር እኩል መራጭ ይሰይማሉ። ይህ ሥርዓት እስከ 1918 ቆየ። ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1919 ነው።

ለመላው ጀርመን ምክር ቤት (ራይኽስታግ) ግን ወንድ ሁሉ እኩል ድምፅ ነበረው። እዚህ ላይ አንድ የሙያ አባታችንን ሳናነሳ አናልፍም። የፍራንክፈርተር ጻይቱንግ ጋዜጣ መሥራች ሊዮፖልድ ዞነማን ከ1871 እስከ 1876፣ ኋላም ከ1878 እስከ 1884 የፍራንክፈርት ተመራጭ ነበር። ጋዜጠኛ ሆኖ ቢስማርክን በጽሑፍም በምክር ቤትም የተቃወመ ሰው ነው። በ1884 ያሸነፈው ደግሞ የሶሻል ዴሞክራቱ አዶልፍ ሳቦር ነበር። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ በሕግ ታግዶ ነበር። ማኅበሩም ጋዜጣውም ስብሰባውም ክልክል ነው፤ ዕጩዎቹ ግን በግል ስማቸው መወዳደር ይችሉ ነበር። ፓርቲው የታገደበት ሰው የከተማዋን ወንበር በድምፅ ወሰደ። የፍራንክፈርት ሠራተኛ ለእገዳው የሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

ወረዳ 34 እንዴት ተወለደ?

ሄክስት ራሷ ያን ጊዜ የፍራንክፈርት አካል አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1863 የተቋቋመው የቀለም ፋብሪካ፣ ኋላ በመድኃኒትና በኬሚካል ዓለም የታወቀው ሄክስት ኩባንያ፣ ያሳደጋት የብቻዋ ከተማ ነበረች። ወደ ፍራንክፈርት የተጠቃለለችው በ1928 ነው። ስለዚህ የወረዳው መራጭ በአብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላም ከቱርክ፣ ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያና ከሞሮኮ የመጡ ሠራተኞች ጎረቤት ሆኑት። የኛ ሰው የመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ምርጫው ተረት ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር መስከረም 19 ቀን 1945 ታላቋ ሄሰን የምትባል አዲስ ክፍለ ግዛት አወጀ፤ ፍራንክፈርትም ከፕራሻ ወጥታ በዚያ ተካለለች። ወሰኑን ያሰመረው እንግዲህ ድል አድራጊ ጦር ነው። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ግን ሕዝቡ ነው፤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1946 በሕዝበ ውሳኔ። በዚያው ዕለት የመጀመሪያው የሄሰን ምክር ቤት (ላንድታግ) ተመረጠ።

በ1950 ክፍለ ግዛቱ በ48 የምርጫ ወረዳዎች ተከፈለ። በ1970 ወረዳዎቹ 55፣ የምክር ቤቱ መደበኛ መቀመጫም 110 ሆነ። በዚያው ዓመት የመራጭ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ዝቅ አለ፤ ይህም የተወሰነው በሕዝበ ውሳኔ ነው። ዛሬ ፍራንክፈርት ስድስት ወረዳዎች አሏት፤ ቁጥራቸውም ከ34 እስከ 39 ነው። ምዕራቡ የሄክስት አካባቢ «ፍራንክፈርት አንድ» ወይም ወረዳ 34 ነው። ለወዳጃችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ወረዳ 34 እሱ ራሱ የቆመበት ቦታ ነው።

ከ1991 ጀምሮ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ለወረዳው ተወዳዳሪ በስሙ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለፓርቲው ዝርዝር ነው። መቀመጫ የሚከፋፈለው በሁለተኛው ነው። ፓርቲ ከመቶ አምስት ካላገኘ ይወድቃል። ያም ሆኖ የወረዳ አሸናፊዎች ከድርሻቸው ሲበልጡ ለሌሎቹ ማካካሻ ስለሚጨመር፣ ምክር ቤቱ በ2018 ወደ 137፣ በ2023 ወደ 133 መቀመጫ አብጧል።

ወንበር የማንም ርስት አይደለም

ሄሰንን ከ1946 እስከ 1987፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሳያቋርጡ የመሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው። «ቀይ ሄሰን» እስከ መባል ደርሳ ነበር። ታዲያ አርባ ዓመት የገዛ ፓርቲ በኛ አገር ቢሆን ኖሮ መሬቱንም ባንኩንም ጦሩንም ይዞ «እኛ ከሌለን አገር ይፈርሳል» ይለን ነበር። እዚህ ግን ፍራንክፈርት በ1977 በከተማ ምርጫ ፊቷን ወደ ክርስቲያን ዴሞክራቶች አዞረች፤ ያን ጊዜ ከንቲባ የሆነው ቫልተር ቫልማን ከአሥር ዓመት በኋላ የመላው ሄሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አገር አልፈረሰም። በመካከሉ፣ ታኅሣሥ 1985፣ ዮሽካ ፊሸር የሚባል የፍራንክፈርት የጎዳና ሰልፈኛ በነጭ ሸራ ጫማ ቆሞ ሚኒስትር ለመሆን ቃለ መሐላ ፈጸመ። አረንጓዴዎች የተባሉት እነዚያ ጎረምሶች በ2018 ከፍራንክፈርት ወረዳዎች ውስጥ በቀጥታ እስከ ማሸነፍ ደረሱ።

የዚያ የ2018 ምርጫ ነገር ለኛ ትልቅ ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ከምርጫው በፊት በግንቦት ወር፣ የሄሰን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የፍራንክፈርት ወረዳዎች አከላለል በከፊል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም የሕዝብ ብዛታቸው ከሚገባው በላይ ተራርቆ ነበር። ከሳሹ ተቃዋሚ ፓርቲ፣ ተከሳሹ ወሰኑን ያጸደቀው የገዢዎቹ ብዙኃን ድምፅ ነው። ፍርድ ቤቱ አስተካክሉ አለ፤ አስተካከሉ።

ሁለተኛ፣ በምርጫው ማታ በፍራንክፈርት የቆጠራ ዝርክርክነት ተፈጠረ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፤ የአንዳንድ ጣቢያ ውጤት በግምት ተሞላ። አዎ፣ ጀርመን ውስጥ! በመጀመሪያ አረንጓዴዎች ሶሻል ዴሞክራቶችን በ94 ድምፅ በለጡ ተባለ። ጋዜጦች ጮኹ፣ ጣቢያዎች ተፈተሹ፣ ስህተቶች አንድ በአንድ ታረሙ፤ የመጨረሻው ልዩነት 66 ድምፅ ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተከፋፈሉ ሁለት ፓርቲዎች መካከል 66! ገዢው ጥምረትም ምክር ቤቱ ውስጥ የቀጠለው በአንድ መቀመጫ ብልጫ፣ በ69 ከ137 ነው። በዚህ ሁሉ ማንም አልተገደለም፣ ማንም አልታሰረም።

የወረዳ ተመራጭ ለማን እንደሚታመን ያየንበትም አጋጣሚ አለ። በ2008 ከዚህ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዳርምሽታት የተመረጠችው ሶሻል ዴሞክራቷ ዳግማር ሜትስገር፣ መሪዋ በግራ ፓርቲው ድጋፍ መንግሥት እንመሥርት ስትል «ለመራጮቼ ይህን አላደርግም ብያለሁ» ብላ እምቢ አለች። በኅዳር ሌሎች ሦስት ተመራጮች ተከተሏት፤ መንግሥቱ ሳይመሠረት ቀረ፣ በጥር 2009 እንደገና ተመረጠ። ልክ ነበረች አልነበረችም የሚለው ክርክር ለነሱ ይቆይ። «ድርጅቴ» ሳይሆን «መራጮቼ» የሚል ተመራጭ መኖሩን ግን ልብ ይሏል።

ጀርመኖችን መላእክት አድርገን እያቀረብን አይደለም። በየካቲት 2025 በተካሄደው የመላ ጀርመን ምርጫ፣ አዲሱ የምርጫ ሕግ ከፓርቲያቸው ድርሻ በላይ የሆኑ የወረዳ አሸናፊዎችን ስለሚያስቀር፣ በመላ አገሪቱ 23 አሸናፊዎች ወንበር አጡ። የፍራንክፈርት የሁለቱም ወረዳዎች አንደኞች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንደኛ ወጥቶ ውጭ መቅረት! ይህ ለመራጩ ግራ ነው፤ እነሱም ይከራከሩበታል። ልዩነቱ ሕጉ ከምርጫው በፊት መታወቁ ነው።

የኛዎቹ 23 ወረዳዎች

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ የምርጫ ወረዳ ታሪካችን አጭር አይደለም። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በ1949 የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ተካሄደ። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ ከሠላሳ ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየሃምሳ ሺሁ አንድ ተጨማሪ ይመርጣል። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩውም ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የፕራሻን ሦስት መደብ ያስታውሷል። ደርግ በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ወንበር ሲያስመርጥ ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ በደርግ ጊዜ 25 ከፍተኛ፣ በኢሕአዴግ መጀመሪያ ዘመን 28 ወረዳ፣ ከ1995 ወዲህ ደግሞ ክፍለ ከተማ ሆነች። የምርጫ ወረዳዎቿ ግን 23 ናቸው፤ ቁጥራቸውም የድሮውን ወረዳ ተከትሎ እስከ 28 እየዘለለ ይሄዳል። ነዋሪው የአስተዳደር ወረዳውና የምርጫ ወረዳው ቁጥር ሲለያይበት ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 እነዚያ 23 ወረዳዎች በሙሉ ለቅንጅት ድምፃቸውን ሰጡ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ሰዉ ከንጋት በፊት ተሰልፎ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ ነው የመረጠው። ያን ሳምንት እኛ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ የአርታኢነት ወንበር ላይ ነበርን። የአዲስ አበባን ውጤት የያዘው ዜና ጠረጴዛችን ላይ ደርሶ ርዕሱን ሦስት ጊዜ ጻፍነው፤ ሦስት ጊዜም እያለዘብን አስተካከልነው። ማንም እጃችንን አልያዘውም፤ ስልክ እንኳ ሳይደወል እኛው ራሳችን ፈርተን ነው። ይህን ዛሬ የምንጽፈው ለንስሐ ነው እንጂ ለጀግንነት አይደለም።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ምርጫው በተካሄደበት ማታ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። በሰኔና በ1998 ጥቅምት አደባባይ ላይ ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የደረሰበት ቁጥር 193 ሟቾች ነው። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ወህኒ ቤት ገቡ፤ ከተማዋ ባልመረጠችው ባለአደራ አስተዳደር ተመራች። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ከ138 መቀመጫ 137ቱን ኢሕአዴግ አሸነፈ ተባለ። ያው ቁጥር፣ ያው ከተማ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተገለባብጦ! መራጩ እንዲህ በአንድ ድምፅ ልቡን ቀየረ ብሎ የሚያምን ካለ እሱ የታደለ ነው።

በ2002 ከ23ቱ አንዲት፣ ወረዳ 6፣ አቶ ግርማ ሰይፉን መርጣ ላከች። በ547ቱ መካከል የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ2007 እሷም ጠፋች፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ጠቀለሉ። መቶ በመቶ! ከሦስት ዓመት በኋላ መቶ በመቶ የመረጠው ሕዝብ በአደባባይ ተቃውሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣን አስለቀቀ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ የባልደራሱ እስክንድር ነጋ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከእስር ቤት ሆኖ ተወዳደረ፤ አዲስ አበባን ግን ብልጽግና ወሰዳት። ውጭ ያለነው ያን ጊዜም ድምፅ አልሰጠንም።

የሁለት አገር ሰው፣ የአንድም መራጭ ያልሆነ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከፍራንክፈርት ነዋሪ ሲሶ ገደማው የጀርመን ፓስፖርት የለውም፤ ለሄሰን ምክር ቤትም አይመርጥም። በ1990 የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የውጭ ዜጎች በከተማ ምርጫ እንኳ እንዳይሳተፉ ወስኖ ነበር፤ ኋላ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ተፈቀደ። በ1999 ሄሰን ውስጥ ሮላንድ ኮኽ ጥምር ዜግነትን በመቃወም በየአደባባዩ ፊርማ አሰባስቦ ምርጫ አሸነፈ። ያ ፊርማ የተሰበሰበው ስለኛ ነበር፤ እኛን ግን የጠየቀን አልነበረም።

ሆኖም ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። ከሰኔ 27 ቀን 2024 ጀምሮ የጀርመን ሕግ ጥምር ዜግነትን ፈቅዷል፤ በአምስት ዓመት ኗሪነትም ማመልከት ይቻላል። የኛው አገር የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ግን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። ቢጫ ካርዱም ቤት ያሠራል፣ ይነግዳል እንጂ አያስመርጥም። ስለዚህ ብዙዎቻችን እዚያ መምረጥ የማንችል፣ እዚህ መምረጥ እየቻልን የማንመርጥ ሆነን ተቀምጠናል። ከሁለት ያጣ ማለት ይኸው ነው።

«የኛ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ከቴህራን በ13 ዓመቱ ፍራንክፈርት የመጣው ኦሚድ ኑሪፑር በ2021 የፍራንክፈርት ሁለትን ወረዳ አሸንፎ በርሊን ገባ። በዚያው ዓመት አስመራ የተወለደችው ጠበቃ አወት ተስፋየሱስ ከዚሁ ከሄሰን የአረንጓዴዎች ዝርዝር ተመርጣ፣ በጀርመን ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የፍራንክፈርት ሕዝብ ከንቲባውን በኅዳር 2022 በድምፁ አወረደ፤ በመጋቢት 2023ም ሶርያ ውስጥ ቃሚሽሊ የተወለደውን ማይክ ዮሴፍን በምትኩ መረጠ። እነዚህ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም፤ ሰፈራቸው ውስጥ ስብሰባ ገብተው፣ ወረቀት በትነው ነው እዚህ የደረሱት። በሌላ በኩል በጥቅምት 2023ቱ የሄሰን ምርጫ ስደተኛ ይውጣልን የሚለው አማራጭ ለጀርመን ፓርቲ በ18.4 ከመቶ ሁለተኛ ወጥቷል። ከመራጩም ሲሶው ከቤቱ አልወጣም። ቤታችን ቁጭ ስንል ለማን እንደመረጥን እንግዲህ እናስላው።

ለሆነ ሁሉ፣ ወዳጃችን ጥቅምት 8 ቀን 2023 እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄደ። ድምፅ ከሰጠ ግንቦት 7 ቀን 1997 የመጨረሻው ነበር። ወረፋ ፈልጎ አጣ፤ ከፊቱ የነበሩት አንዲት አሮጊትና ውሻቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ምልክት አድርጎ ኮሮጆው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆጠራ ሲጀመር ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል ብላ የእህቱ ልጅ ነግራው ስለነበር ተመልሶ ግድግዳ ጥግ ቆመ። አስቆጣሪዎቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን እየዘረጉ በየክምሩ ሲደረድሩ፣ ሲቆጥሩ፣ ደግመው ሲቆጥሩ ሁለት ሰዓት ያህል አየ። የደገፈው ፓርቲ አላሸነፈም።

«ታዲያ አልተናደድክም?» አልነው በማግስቱ።

«ኧረ ምን በወጣኝ» አለን። «ተሸንፌ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በ97 አሸንፌ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

እኛም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ አላገኘንም። ፖስታው ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ አይደር።

ቸር ይግጠመን።